የሙሄ ዳሌና የልጄ ነፍስ

ዱላው የሙሄ ዳሌ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ የደረቀ የማሽላ አገዳ በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ነበር። እኔ ከቦዩ ማዶ ቆሜ ነበር። ዱላውን የያዘው ልጄ አንዋር ነው።

የጠቡ ምክንያት የውሃ ተራ ነበር። እኛ የጨፋ ሸለቆ ገበሬዎች በበጋ ከቦርከና ወንዝ የጠለፍነውን ውሃ በቦይ እያመጣን በተራ እናጠጣለን። ያን ቀን ተራው የእኔ ቤት ነበር። ሙሄ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ አላስችለው ብሎ ቦዩን ወደ ማሳው መለሰው። አንዋር ደረሰበት።

«አባ ጀማል፣ ተራው የእኛ ነው። ይመልሱት» አለው፣ በትልቁ ልጁ ስም ጠርቶ።

«ሂድና አባትህን ጥራ። እኔ ከልጅ ጋር አልነጋገርም» አለ ሙሄ፣ አካፋውን ሳያስቀምጥ።

ልጄ አካፋውን ሊቀማ ያዘ። ሙሄ በእጀታው ደረቱን ገፋው። አንዋር ዱላውን አነሳና ስድሳን ያለፈውን ሰው በጎረምሳ ጉልበት መታው። ሙሄ ከቦዩ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቀኝ እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ እንደዚያው ቀረ። የጮኸው ጩኸት ከብቶቹን አስበረገገ።

ያኔ ማን እንደ ነበርሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከጎለመስሁ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ከሚሴ ላይ ቆመው የሚያድሩ የጭነት መኪናዎች ላይ የተጻፈውን እየጠየቅሁ፣ ቀጥሎ ከልጆቼ መጽሐፍ። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ዝም ማለት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ላይ ምክር አዘንብ ነበር። የመንደሩ ሰው «መድረሳ ያልገባው ኡስታዝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ ከእኔ ድምፅ በላይ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ቁጡ አባት ጨዋ ልጅ ያወጣል ብዬ አምን ነበር።

ሙሄ በተመታበት ቀን ትልቁ ልጁ ጀማል ክላሹን ይዞ ግቢዬ ገባ። አንዋርን ባቲ ወደ አክስቱ አሽሽቼዋለሁ። ጀማል ቤቱን ፈትሾ ሲያጣው ወጣና የታሰረውን በሬዬን ግንባሩን በጥይት አለው። በሬው በጉልበቱ ተንበርክኮ ደሙ በአፍንጫው ፈሰሰ።

«ይሄ ለዛሬ ነው» አለኝ።

በእኛ አገር ደም ሲፈላ መሀል የሚገቡ አበጋሮች አሉ። ዱዓቸው የሚፈራ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ የእርቅ አባቶች ናቸው። የእነሱ ታላቅ የሆኑት ሸህ ይማም ሁለታችንንም ወገን ከመንደሩ ዋርካ ሥር ጠርተው እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «ሙሄ ነፍሱ አለች፤ አልሐምዱሊላህ። የማሳከሙን ነገር የአንዋር አባት ሐሰን ይሸከም። ሙሄ ድኖ፣ ሰው ሳይደግፈው በእግሩ ዋርካው ሥር ሲመጣ፣ አንዋር እጁን ይሳም። ፋቲሓ ተቀርቶ ዱዓ ይደረጋል፤ ነገሩ ይሞታል። እስከዚያ መሣሪያ የሚያነሳ ሰው ዱዓችን አትድረሰው።»

«ካልቆመስ?» አለ ጀማል።

«ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«ያን ጊዜ ንግግር የለም» አለና ወጣ።

እንግዲህ የልጄ ነፍስ በሙሄ ዳሌ ላይ ተንጠለጠለች። ሙሄ ሆስፒታል ገብቶ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ የተሰበረው አጥንት በብረትና በብሎን ተያያዘ። ሐኪሙ ሲያስወጣው «እኔ እስክል ድረስ በዚህ እግር እንዳይረግጡ» ብሎ አስጠነቀቀ። እኛ ግን የሰማነው የአበጋሮቹን ቃል ነበር። የሙሄ ልጆች አባታቸው ቶሎ ቆሞ እንዲታይ ፈለጉ፤ «ተነስ አባ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ!» እያሉ በግቢው ውስጥ ያለማምዱት ጀመር። የእኔም ቤተሰብ እንዲቆም ፈለገ። ልጠይቀው ስሄድ ቆሞ ካገኘሁት «ማሻአላህ!» እያልሁ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር። ሁለት ጠበኛ ቤት በአንድ ነገር ተስማማን፤ ያልዳነን ሰው ማቻኮል።

የእርቁ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ቀን ጠዋት ሙሄ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። በዳይ ተበዳይን ማሳከም ወጋችን ነውና እኔ ነኝ ይዤው የሄድሁ፤ ጀማልም አብሮን ሄደ። ሙሄ ራጅ ተነስቶ አልጋ ላይ ተጋደመ። ጀማል የመመለሻ ባጃጅ ሊፈልግ ወጣ። ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲህ ጠራኝ።

«ወንድማቸው ነዎት?»

«አይደለሁም። የሰበራቸው ልጅ አባት ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለው።

«ይህች ኳስ የምትመስለው የጭናቸው አጥንት ራስ ናት። ብሎኑ ሲገባ መሀሏ ላይ ነበር። አሁን የት እንደ ደረሰ ይዩ።»

አየሁ። ብሎኑ ወደ ላይ ወጥቶ የኳሷን ጠርዝ ሊነካ ደርሷል።

«አጥንታቸው ሳስቷል፤ የተሰበረውም ተፈረካክሶ ነው» አለኝ። «ገና ከመጀመሪያው የፈራሁት ይህን ነው። ምስጥ የበላው እንጨት ላይ ሚስማር መትተው ዕቃ ቢሰቅሉበት እንጨቱን እየቀደደ ይሄድ የለ? እንደዚያ ነው። ረግጠውበታል አይደል?»

«ረግጠውበታል» አልሁ።

«እግራቸው አጥሯል። ሲቆሙ ብሽሽታቸውን ይወጋቸዋል። ይህ ሁሉ ብረቱ ሊለቅ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። እንደገና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል።»

«ዛሬ ከሰዓት ትንሽ ቢራመድስ?»

«ብሎኑ አጥንቱን በስቶ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባል። ወይም ብረቱ ይሰበራል።» ራጁን ከመብራቱ ላይ አወረደ። «በየትኛው እርምጃ እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። አንዳንዱ ከጠበቅነው በላይ ይቆያል። አባቴ ቢሆኑ ከዚህ አልጋ አላስነሳቸውም ነበር።»

አንዳንዱ ከጠበቅነው በላይ ይቆያል። ሐኪሙ ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ለቅሞ ያስቀረው ይህን ብቻ ነው። እስከ ዋርካው ከቆየስ? ዱዓው እስኪያልቅ፣ ልጄ እጁን እስኪስም ከቆየስ? ከዚያ በኋላ ቢሰበር የአላህ ሥራ ይባላል፤ ልጄን የሚጠይቀው የለም። ይህን ማሰቤን አልደብቃችሁም።

ከመጋረጃው ጀርባ «ሐሰን፣ ና እዚህ» የሚል ድምፅ መጣ። ሙሄ ሁሉንም ሰምቷል።

«ለጀማል እንዳትነግረው» አለኝ።

«ሙሄ፣ ሰውየው ያለውን ሰምተሃል...»

«ሰውየው ስለ አጥንት ያውቃል። ጀማልን ግን አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬ ካልቆምሁ ልጅህን ይገድለዋል። ከዚያ ወንድሞችህ የእኔን ይገድላሉ። ከዚያ ማን ቀረ? ለሽንኩርት?» ጋቢዬን ጨምድዶ ያዘኝ። «ዋርካው ሥር ልድረስ ብቻ። ፋቲሓው ይቀራ። ከዚያ በኋላ ይሰበር፤ አፉ ብያለሁ።»

አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ ማለቱ ነው። ልጄ ያፈረሰው ሰው ልጄን ለማትረፍ ዳሌውን ሊያሰብር ይለምነኛል። እኔ፣ ለዓለም ሁሉ ምክር የነበረኝ ሰው፣ ክራንቹን አቀበልሁት።

ሐኪሙ ሊያስተኛው ቢሞክርም ሙሄ «ከሰዓት ጉዳይ አለብኝ፤ ጨርሼ እመጣለሁ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። በባጃጅ ተመለስን። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ሙሄ የጥምጣሙን ጫፍ ይነክሳል። ጀማል ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተጠግቶ ተቀምጦ ዞር አለ።

«አባ፣ ዛሬ ትራመዳለህ ወይስ ትጨፍራለህ?»

«የምጨፍረው ስታገባ ነው» አለ ሙሄ፣ ግንባሩ ላብ እያወረደ። «እሱም ልጁን የሚሰጥህ ሞኝ ከተገኘ።»

ጀማል ከልቡ ሳቀ። በሬዬን የገደለውን ልጅ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቱን የሚወድ ልጅ ነው። ይህን ማየቴ ነገሩን አከበደብኝ።

ዋርካው ሥር ሁለቱም ወገን ተሰብስቧል። መሣሪያ ሁሉ በሸህ ይማም ትእዛዝ አንድ ጋቢ ላይ ተደርድሯል። አንዋር ከባቲ መጥቶ ከአበጋሮቹ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ባጃጁ ከጥላው ወዲህ ቆመ። ጀማል አባቱን አወረደውና ክራንቹን ሰጠው። ሙሄ ክራንቹን ወረወረው።

«አላሁ አክበር!» አለ ሕዝቡ።

ሙሄ በደህናው እግሩ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጀማል እጁን ለቆት ፈቀቅ አለ፤ ፍርዱ ሰው ሳይደግፈው ነውና። ሙሄ የተጠገነውን እግሩን ወደ ፊት ሰደደ። በዚያች ቅጽበት ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ሙሄም አየኝ፤ ዝም በል ነው የሚለኝ።

ዝም ብል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«ሙሄ፣ አትርገጥ!»

ሮጬ ትከሻዬን በብብቱ ሥር አስገባሁ። ከሕዝቡ ወይ ጉድ የሚል ጉምጉምታ ተነሳ። እኔ የበዳዩ አባት የእርቁን ፍርድ በሰው ፊት አፈረስሁ።

«አንተ!» አለ ጀማል። ሁልጊዜ አንቱ የሚለኝ ልጅ ነው። «ሰው ሳይደግፈው ነው የተባለው! ልቀቀው!»

«ብረቱ ሊለቅ ነው፤ ሐኪሙ...»

አልጨረስሁም። ጀማል ወደ ጋቢው ዘሎ ክላሹን አነሳና በሰደፉ አፌን መታኝ። ጥርሴ ሲሰበር ጭንቅላቴ ውስጥ ሰማሁት። ወደቅሁ። ደገመኝ፤ ጎኔን። ወንድሜ ሊይዘው ተጠጋ፤ የጀማል ታናሽ በድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። ሰው ከሰው ተያያዘ። ሁለት ሰዎች ሙሄን ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ሸህ ይማም ዘንጋቸውን ይዘው መሀል ገቡና ጮኹ፤ እሳቸውን ገፍቶ የሚያልፍ አልተገኘም።

«ሐሰን፣ ተናገር!»

ደሜን ተፋሁ። «ራጁን በዓይኔ አይቻለሁ። ብሎኑ አጥንቱን ሊበሳ ነው። ከረገጠ ይሰበራል።»

«ይዋሻል!» አለ ጀማል። «አባቴ ድኗል! ይሄ ሽማግሌ የሚያሴረው ነገር አለ!»

«ምን ብሎ ያሴራል?» አሉ ሸህ ይማም። «ሙሄ ቢራመድ የሚያተርፈው እሱ፣ ባይራመድ የሚከስረው እሱ።» ወደ ሙሄ ዞሩና በኦሮምኛ ጠየቁት። «ሙሄ፣ ዱጋ ዳ?» እውነት ነው?

ሙሄ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ዱጋ ነው» አለ። «ደብቅልኝ ብዬ የለመንሁት እኔ ነኝ።»

ጀማል አባቱን አየ፤ እኔን አየ።

«እንግዲያው አልዳነም» አለ። «አልዳነም ማለት ነው። አባቴን አሽመድምደውት እኔን እጅ ሊያስጨብጡኝ!»

ክላሹን አቀባበለና ወደ አንዋር ዞረ። ከአንዋር አጠገብ የነበሩት ሁሉ ተበተኑ። ልጄ ይሮጣል ብዬ ነበር። ተነስቶ ቆመ።

«ምታ ጀማል» አለው። «የመታሁት እኔ ነኝ። አባቴን ግን እንዳትደግመው።»

ልነሳ ሞከርሁ፤ ጎኔ አልታዘዝ አለኝ። የጀማል ጣት ምላጩ ላይ ነው። ሸህ ይማም «ያ አላህ!» አሉ። በዚህ መሀል ከጎኔ የሆነ ነገር ሲያልፍ ተሰማኝ። ሙሄ ነው። ከድንጋዩ ተነስቶ፣ ማንም ሳይይዘው፣ በተጠገነው እግሩ ረግጦ፣ በሁለት እጁ የክላሹን አፈሙዝ ወደ ታች ጫነው። ጥይቱ መሬቱን መታ። የተፈነጠረው ድንጋይ የአንዋርን ጉንጭ ቀደደው።

ከተኩሱ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ መጣ፤ አጭር፣ የታፈነ፣ ከሥጋ ውስጥ የወጣ። ሐኪሙ የተናገረው ደረሰ። ሙሄ ልጁ እግር ሥር ተዘረረ። እግሩ ልክ እንደዚያ በቦዩ ዳር እንደ ነበረው ወደ ውጭ ዞረ። ጩኸቱን እዚህ ላይ መግለጽ አልፈልግም።

ክላሹ ከጀማል እጅ ወደቀ።

«አባ! አባ፣ ምን አደረግሁ! እኔ ነኝ የሰበርሁህ!»

ሙሄ እጅጌውን ነክሶ ቆየና ለቀቀው። «ጀማል... ቆሜያለሁ አይደል?»

«አባ፣ አትናገር...»

«መልስልኝ! ቆሜያለሁ አይደል? በእግሬ መጥቻለሁ አይደል? ማን ደገፈኝ?»

ሸህ ይማም ዘንጋቸውን መሬት ላይ ጥለው ተንበረከኩ። «ማንም አልደገፈህም» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው ምስክር ነው። ሙሄ በእግሩ መጥቷል።»

አንዋር ከነደሙ መጥቶ አፈር ላይ ወድቆ የሙሄን እጅ ሳመ። ጀማል ከላያቸው ቆሟል። ሊረግጠው ይችል ነበር፤ አልረገጠውም። ፋቲሓው ተቀራ። እንዲህ ያለ የተቻኮለ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ የበዛበት ፋቲሓ ሰምቼ አላውቅም።

በሁለት እንጨት ላይ ጋቢ ታስሮ ቃሬዛ ተሠራ። ከፊት አንዋር፣ ከኋላ ጀማል ተሸከሙ። የባጃጁ ሹፌር በተኩሱ ደንግጦ ሸሽቶ ነበርና እስከ አስፋልቱ በእግር ሄድን። ጀማልን ሰው ሊቀይረው ቢል እምቢ አለ። እያለቀሰ ልጄን ይሰድበዋል።

«ቀስ በል፣ አንተ ከብት! እያንገላታኸው ነው!»

«ቀስ ብያለሁ! አንተ ነህ የምትገፋኝ!»

ከቃሬዛው ላይ ሙሄ «ሁለታችሁም ከብት ናችሁ፤ ዝም ብላችሁ ሂዱ» አለ።

ሐኪሙ ሲያየን አንድም ቃል አልወቀሰንም። የለቀቀውን ብረት አወጣው፤ የአጥንቱንም ራስ በሰው ሠራሽ ተካው። ሙሄ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ያነክሳል፤ ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል። ጀማልና አንዋር ወዳጅ ሆኑ ብዬ አልዋሻችሁም። የውሃ ተራ ሲደርስ ይጠራራሉ፤ ከዚያ በላይ የለም። ዛሬም ድረስ ጀማል ሰላምታ ሲሰጠኝ አፌን አያይም።

እናንተ ይህን የምታነቡ አባቶችና ልጆች፣ ቤታችሁ ብረት የገባለት ሰው ካለ፣ «ተነስ፣ ወንድ ነህ» አትበሉት። ሐኪም አትርገጥ ሲል ሰነፍ ሁን ማለቱ አይደለም። ብረቱ የሚይዘው አጥንቱ እስኪገጥም ነው፤ አጥንቱ ከዘገየ ብረቱ ይደክማል። ከእግሩ ማጠር፣ ከብሽሽቱ ሕመም፣ ከራጁ ላይ ምልክት ሲታይ ደግሞ ለማን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል ሳትሉ ተናገሩ። እኛ ሙሄ ከመዳኑ ይልቅ ድኖ መታየቱን ፈለግን። እርቁንም እንደዚያው አደረግነው፤ የሁለቱ ልጆች ልብ ሳይገጥም እጃቸውን ልናስጨብጥ ቸኮልን።

በእኔ ላይ የተለወጠውን ልንገራችሁ። ያን ቀን እስኪመጣ ብዙ እውነት ተናግሬ ነበር፤ ሁሉም ግን ሌላውን ሰው የሚያስከፍል እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ምክር ከመጀመሬ በፊት ይህ ቃል እኔን ምን ያስከፍለኛል ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ምንም የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ዝም እላለሁ። ልጆቼ አሁን ያወሩኛል።

አንድ ጥያቄ ግን ሲከነክነኝ ኖረ። ባልጮህ ኖሮ ሙሄ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ብረቱም ያችን ያህል ይቆይለት ነበር ይሆናል። ጩኸቴ ነው ያንን ሁሉ ያመጣው። በቅርቡ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ጠየቅሁት።

«ሙሄ፣ በድዬህ ከሆነ ንገረኝ። ዝም ብል ብረቱ ይይዝ ነበር?»

ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«ይይዝ እንደሆነ አላህ ያውቃል» አለኝ። «እኔ የማውቀው ልጅህ እዚያ ተቀምጦ እያየህ ለእኔ መጮህህን ነው። በል አሁን እጅህን ስጠኝና አንሳኝ፤ አዛን ብሏል።»